ወደ መስኮቱ ያዘነበለችው ዘፋኝ

ባሌ ግትር ነው። ይህን ስል ማማቴ አይደለም፤ ፊት ለፊት እለዋለሁ፣ እሱም "እና ምን ይሁን?" ይለኛል። ልንጋባ ስንል ታላቅ እህቴ ወደ ጓዳ ጠርታኝ "ሰውየው መልካም ነው፣ ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ ትችይዋለሽ?" ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ የሰማሁት እኔን የማይለቅ መሆኑን ብቻ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ እኔንም አልለቀቀኝም፣ ሌላውንም ሁሉ አልለቀቀም።

ሥራው ሞተር ማዳመጥ ነው። በወረቀት ላይ የአንድ አውቶቡስ ጋራዥ የመካኒኮች አለቃ ነው የሚባለው፤ ሰው የሚያውቀው ግን በጆሮው ነው። ክንድ የሚያህል ካቻቪቴ አለው። ሞተሩን ያስነሱለታል፣ የካቻቪቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ ያስደግፋል፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያጣብቃል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ ሌሎቹ እንኳን ሊያወሩ ማሳልም ይፈራሉ። ከዚያ ወይ "ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ተበልቷል፣ ይፈታ" ይላል፣ ወይ "ምንም የለበትም፣ ይውጣ" ይላል። እሱ "ይውጣ" ካለ ይወጣል፤ ከእሱ በኋላ ደግሞ የሚያይ ሰው የለም። ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ያለ አይመስለኝም፣ ለሁሉም "ጋሽ ጆሮ" ነው። ግራኝ ስለሆነ ካቻቪቴውን የሚይዘው በግራ እጁ፣ የሚያዳምጠውም በግራ ጆሮው ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

እኔ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ግቢ ሙሉ ሕፃን በአንድ ቃል ቀጥ የማደርግ ሰው ነኝና ድምፄ አይታማም። እሱ ከሥራ ገብቶ ሶፋው ላይ ዘፍ ሲል እኔ ከግራው በኩል፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ካለችው ወንበሬ ላይ ሆኜ "እንዴት ዋልክ?" እለዋለሁ። ድሮ ድሮ "ደህና፣ አንቺስ?" ይለኝና ውሎውን ይዘረግፍልኝ ነበር። እያደር መልሱ ቀረ። እጠይቀዋለሁ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቴሌቪዥኑ ላይ ያፈጣል። አንድ ቀን ደክሞት ነው አልኩ፣ ሌላ ቀን ከሰው ተጣልቶ ነው አልኩ። በመጨረሻ ቆሽቴ አረረና "እንግዲያው ጠያቂ ይጥፋ!" ብዬ ተውኩት። የተውኩት መጠየቁን እንጂ መናገሩን አይደለም። እዚያችው ወንበሬ ላይ ሆኜ ለራሴ አጉረመርማለሁ፣ አንዳንዴም በጥሩ ጥሩ ስድብ አጣፍጠዋለሁ። እሱ ቅንድቡን እንኳ አያነሳም። ንቆኝ ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ እውነቱን ልናገር፣ ይህ ነገር ሆዴን ያባባው ነበር።

አንድ ሳምንት እሱ "ይውጣ" ያለው አውቶቡስ በገመድ ተጎትቶ ተመለሰ። ኩሽኔታው መሃል መንገድ ላይ ተፈጭቶ ሞተሩ ድርቅ ብሏል። ሰው አልተጎዳም፤ ተሳፋሪው ግን ሻንጣውን ታቅፎ ፀሐይ ሲጠብሰው ዋለ። ባለ ጋራዡ የጥንት ጓደኛው ነው፣ ቀልድ ይወዳል። ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት "ጋሽ ጆሮ፣ ጆሮህ ከዳህ እንዴ?" አለው። ተሳቀ። ከሳቁ በኋላ ለብቻው ጠርቶ ያለው ግን ቀልድ አልነበረም። "ወንድሜ፣ የምንጭነው ሰው ነው። ዛሬ ሞተር ቆመ፣ ነገ ቁልቁለት ላይ የሚሆነውን አናውቅም። ይህ ነገር ከተደገመ አዳማጭ እለውጣለሁ" አለው። ይህን የነገረኝ ባሌ እንዳይመስላችሁ፤ የባለ ጋራዡ ሚስት ናት። የእኔው ሰውዬማ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ቁጭ አለ።

በነጋታው እሁድ ነበር። ከምሳ በኋላ ተነሳና ስፒከሮቹን ከፈተ። ልጃችን አግብታ ስትወጣ "ቤቱ ጭር አለብኝ" ብሎ የገዛቸው ናቸው፤ ቁመታቸው እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፣ አንዱ ከሶፋው በስተቀኝ ከመስኮቱ፣ አንዱ በስተግራ ከቡፌው አጠገብ ይቆማሉ። ለሙከራ የሚያጫውተው አንድ ዘፈን አለ፣ አንዲት ሴት ለብቻዋ የምትዘፍነው። ድምፁ ከተስተካከለ፣ ይላል እሱ፣ ዘፋኟ ከስፒከሮቹ ውስጥ ሳይሆን ከሁለቱ መሃል፣ ልክ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ የምትዘፍን ነው የሚመስለው። ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አዳመጠ።

"ወደ መስኮቱ አዘንብላለች" አለ።

"ማን?"

"ዘፋኟ። የቡፌው ስፒከር ደክሟል።"

እኔ በበኩሌ ቀርቤ ሰማሁት፤ ሁለቱም እኩል ይጮኻሉ። አንድ ነገር ውስጤ ብልጭ አለ። አውቶቡሱ፣ ያ ሁሉ መልስ ያጣ ጥያቄዬ፣ አሁን ደግሞ ይሄ። ፊት ለፊቱ ቆምኩና "ጆሮህ ቢሆንስ?" አልኩት።

ወይ ጉድ! የሰደብኩት ይመስል ብድግ አለ። "ጆሮዬ ምን ሆነ? ስሚ፣ ይህን ስፒከር አስተካክዬ ዘፋኟን መሃል አቆማታለሁ። መሃል ካቆምኳት ጆሮዬ ደህና ነው ማለት ነው።"

"ካልቆመችስ?"

"ትቆማለች!" አለ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን እኔ ነኝ የማውቀው። መጀመሪያ የተመታው የእኔ ዳንቴል ነው። ክረምቱን ሙሉ ተቀምጬ የሠራሁትን፣ ስፒከሮቹን አልብሼ ያሳመርኩበትን ዳንቴል ገፎ አጣጥፎ ሰጠኝ። "ቀጭኑን ድምፅ እያፈነው ነው፤ ስፒከር ሻሽ አያስርም" አለ። ከዚያ ሜትር አመጣና ከግድግዳው ያላቸውን ርቀት ለካ። ጥግ ሲሆኑ ወፍራሙ ድምፅ ያስተጋባል ብሎ ወደ ፊት ጎተታቸው። አሁን ወደ ወጥ ቤት ለመግባት በጎን መሄድ ሊኖርብኝ ነው! ቀጥሎ ፊታቸውን ወደ ሶፋው ትንሽ አዞረ፣ አዳመጠ፣ መለሰ፣ እንደገና አዞረ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ያቺን አንድ ዘፈን ደግማ ደጋግማ ከመስማቷ የተነሳ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት መደብደብ ጀመረች።

"ምን ትላለች?" አለኝ።

"ዘፋኟ መሃል ናት ትላለች፣ ተዋት" አልኩት።

አልሳቀም። ጋራዥ ውስጥ ለሠራተኞቹ የሚያስተምረው አንድ ሕግ አለው፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ከዚያ አዳምጥ። ሁለት ነገር አንዴ ከቀየርክ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም። ቤቴንም በዚያው ሕግ ፈታው። ስፒከሮቹን አቀያየራቸው፤ የመስኮቱን ወደ ቡፌው፣ የቡፌውን ወደ መስኮቱ። ሕመሙ ያለው ስፒከሩ ውስጥ ከሆነ አሁን የሚደክመው የመስኮቱ መሆን ነበረበት። ዘፋኟ ግን ያው ወደ መስኮቱ ናት። ይህን ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እሱ ግን "ሁለቱም ሳይታመሙ አይቀሩም" ብሎ ተራ በተራ ታቅፏቸው መንገድ ማዶ ወዳለው ራዲዮ ሠሪ ዘንድ ሄደ።

ራዲዮ ሠሪው ከፈታቸው፣ አየ፣ ገጠመ። ሲመለሱ ያው ናቸው። ደግሞ ወሰዳቸው። በሦስተኛው ራዲዮ ሠሪው ዳቦ ልገዛ ስወጣ መንገድ ላይ አስቆመኝና "እትዬ፣ እባክሽ ንገሪልኝ፣ እነዚህ ስፒከሮች ከእኔ የበለጠ ጤነኞች ናቸው" አለኝ። ነገርኩት። "እሱ ራሱ ደንቆሮ ነው!" አለ ባሌ። ይሄኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ በዚህ ሰፈር የቀረነው ሰሚ እኔና ጎረቤቴ ብቻ ነን ማለት ነው።

ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ነገሩ እየከፋ ነበር። ከዚያ አውቶቡስ ወዲህ ከባሌ አፍ "ይውጣ" የሚለው ቃል ጠፋ። ካቻቪቴውን ያስደግፋል፣ ያዳምጣል፣ ፊቱ ይጨፈገጋል፣ "ይፈታ" ይላል። ሁሉ ይፈታ! ደህናውም በሽተኛውም እየተፈታ ግቢው በሞተር ሆድ ዕቃ ተሞላ፣ አውቶቡሶቹ ተሰልፈው ቆሙ፣ ሠራተኛው አጉረመረመ። ባለ ጋራዡም "ሁሉ የሚፈታ ከሆነ አዳማጭ ለምን አስፈለገኝ? እስከ ሰኞ አስብበት" አለው። ይህንንም የሰማሁት ከሚስትየዋ ነው። ባሌን ከዚያ ካቻቪቴ ለይቶ ማሰብ አልችልም። ጡረታ ውጣ ቢሉት ደስ ብሎት የሚወጣ ሰው ሞልቷል፤ እሱ ግን "ጆሮህ አልቋል" ተብሎ ከወጣ ቅስሙ ይሰበራል፣ የተሰበረውን ይዤ የምቀመጠው ደግሞ እኔ ነኝ።

የሰኞው ዋዜማ እሁድ መጣ። ያን ቀን ቤቱ ቤት አይመስልም ነበር። ገመዱን አቀያይሯል። ከወንድሙ ቤት ሌላ አምፕሊፋየር ተሸክሞ አምጥቷል። ምንጣፉን አንስቶ መልሷል። የመስኮቱ መስታወት ድምፅ ያነጥራል ብሎ የመኝታ ብርድ ልብሳችንን መጋረጃው ላይ ሰቅሎታል፤ ቡፌውን ገፍቶ ሳህኖቼን መሬት ላይ ደርድሯል። ዘፋኟ ወይ ፍንክች! መስኮቱን እንደተደገፈች ናት። እኔማ ጠላኋት። የገዛ ቤቴ ውስጥ የገዛ ብርድ ልብሴን ተከናንባ የምትቀብጥ ሴት!

እሱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ካቻቪቴውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ በጣቱ እየቆጠረ ለራሱ ያወራል። "ስፒከሩን ቀየርኩ፣ ያው። ገመዱን ቀየርኩ፣ ያው። አምፕሊፋየሩን ቀየርኩ፣ ክፍሉን ገለበጥኩ፣ ያው። ያልቀየርኩት ምን ቀረ?"

የታጠበ ሳህን ይዤ ፊቱ ቆሜ ነበር፣ የማስቀምጥበትም አጥቻለሁ። ደሜ ፈላ። "ያልቀየርከው አንተን ነው!" አልኩት።

እኔው ራሴ ደነገጥኩ፤ ቃሉ ከአፌ ወጥቷል፣ አይመለስም። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ካቻቪቴውን አስቀመጠ፣ ቀስ ብሎ ተነሳና ሶፋውን ሲያዞረው አየሁ። ጀርባውን ለስፒከሮቹ፣ ፊቱን ለባዶው ግድግዳ አድርጎ ተቀመጠ።

"ክፈቺያት" አለኝ።

ከፈትኩ። ዓይኑን ጨፈነ። ከኋላው ቆሜ ትከሻውን ነበር የማየው። ዘፈኑ ገና ከመጀመሩ ትከሻው ወረደ።

"የት ናት?" አልኩ።

"ቡፌው ጋ።"

ተነሳ፣ ሶፋውን መለሰ፣ አዳመጠ። "መስኮቱ ጋ።" እንደገና አዞረው። "ቡፌው ጋ።" ቢበቃው ምናለ! አይበቃውም፤ እርግጠኛ እስኪሆን ድረስ ያን ከባድ ሶፋ ሲያዞር፣ ሲቀመጥ፣ ሲነሳ ላብ አጠመቀው። የሚፈልገውን ለማግኘት እንደሚለፋው ሁሉ የማይፈልገውንም ለማግኘት እንዲያ ለፋ። አንጀቴን በላው።

በመጨረሻ ዘፈኑን ራሱ አጠፋውና ስለ ሞተር በሚናገርበት ድምፅ "ስፒከሮቹ አልተነኩም። ገመዱ አልተነካም። የዞርኩት እኔ ነኝ፣ ጉድለቱም አብሮኝ ዞረ። ግራው ጆሮዬ ነው" አለ።

ልክ መሆኔ እንደዚያን ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩና "ምናልባት ኩክ ደፍኖት ይሆናል፣ ሐኪም ሳያይህ ለማንም ትንፍሽ አትበል" አልኩት።

"ጠዋት ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ከዚያ ቀጥታ ጋራዥ" አለ። "ያን አውቶቡስ ያሳለፍኩት በዚህ ጆሮ ነው። ሳይጠይቁኝ እኔው ነኝ የምነግራቸው።"

"ቢያሰናብቱህስ?"

"ያሰናብቱኝ። ሳልሰማ 'ሰማሁ' አልልም።"

ጠዋት አብሬው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ኩክ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ዓመት የሞተር ጩኸት፣ ያውም በካቻቪቴ በኩል ቀጥታ እየገባ፣ የግራው ጆሮ ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ጨርሶ አጥቷል፤ የጠፋውም አይመለስም። ቀኙ ለዕድሜው ጥሩ ነው። ለግራው የሚደረግ መሣሪያ አለ፣ ትንሽ ያግዛል ተባልን። ባሌ ራሱን ነቅንቆ አመሰገነ፣ በር ላይ ተለያየን፣ እሱ ወደ ጋራዡ፣ እኔ ወደ ሕፃናቶቼ። ያን ቀን ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። ልቤ ጋራዡ ግቢ ውስጥ ነበር። ለባለ ጋራዡ ሚስት ልደውል ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። አይሆንም፤ ይህን ከሌላ ሰው አልሰማም አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ ቀድሞኝ ገብቷል። ብርድ ልብሱ ከመጋረጃው ወርዷል፣ ሳህኖቼ ቡፌው ውስጥ ገብተዋል፣ አምፕሊፋየሩ ለወንድሙ ተመልሷል። እሱ የእኔን ወንበር፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለችውን፣ በሁለት እጁ አንስቶ ክፍሉን ያቋርጣል።

"ደግሞ ምን ልታደርግ ነው? አልበቃህም?"

መልስ የለም፤ በግራው በኩል ነበርኩ። ወንበሬን ከሶፋው በስተቀኝ፣ በመስኮቱ በኩል አስቀመጣትና ሲዞር አየኝ። "ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ" አለኝ።

ተቀመጥኩ። ዘፈኑን ከፈተ። "የት ናት?" አለኝ።

"ወደ እኔ መጥታለች፣ መስኮቱ ጋ።"

የመስኮቱን ስፒከር ትንሽ ወደ ኋላ ገፋው። "አሁንስ?"

"ትንሽ ወደ መሃል።"

የቡፌውን ፊት አዞረው፣ አንዷን ቁልፍ በጣቱ ጫፍ ነካ አደረጋት፣ ዳንቴሌን በዓይኑ ፈለገና እንዳላለብሳቸው በጣቱ አስጠነቀቀኝ። "አሁንስ?"

ይህን ያህል ጊዜ ሲያወራልኝ የኖረውን ነገር ያኔ ነው የሰማሁት። ዘፋኟ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማለች። ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል። "መሃል ናት" አልኩ። "ለአንተስ?"

"አንቺ መሃል ናት ካልሽ መሃል ናት" አለና ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ዘፈኑን አጠፋው።

"ምነው አጠፋኸው? ስንት የለፋህበትን!"

"ትረፍ እስቲ እሷም" አለ።

እጁን አየሁት፣ ግሪሱ አልለቀቀም፤ ሲሠራ ውሏል ማለት ነው? ወይስ ተሰናብቶ ዕቃውን ሲሰበስብ? ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ከቀኙ ተቀምጫለሁ፣ ጆሮው አጠገቤ ነው። መምህርት መሆኔን ረስቼ፣ ቀስ ብዬ፣ ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ "እንዴት ዋልክ?" አልኩት።

"ደህና" አለ ወዲያው።

ከዚያ ዘረገፈው። ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ "ግራ ጆሮዬ ሞቷል፣ ያን አውቶቡስ ያሳለፍኩት በሞተ ጆሮ ነው" እንዳላቸው። ማንም እንዳልሳቀ። "በቀኙ ፈትኑኝ" ብሎ ድርቅ ሲል ባለ ጋራዡ ራሱ እየመረጠ ሞተር እንዳስነሳለት። ካቻቪቴውን በቀኝ እጁ መያዝ አልለመደምና አንዱን ሞተር ስቶት፣ "ቆይ፣ ቆይ" ብሎ ደግሞ አዳምጦ እንዳገኘው። ሌሎቹን እንዳልሳተ። ሲጨርስም ራሱ "ከእንግዲህ በእኔ ጆሮ ብቻ አንድም አውቶቡስ አይወጣም፣ ከእኔ በኋላ ሁለተኛ ሰው ያዳምጥ" ማለቱን። ባለ ጋራዡ አቅፎት "አዳማጭ አልለወጥኩም፣ ጆሮ ነው የለወጥኩት" ብሎ ሲቀልድ ያን ጊዜ ሁሉም እንደሳቁ፣ እሱም እንደሳቀ። እኔ እንባዬን መያዝ አቅቶኛል።

"አንቺስ እንዴት ዋልሽ?" አለኝ።

ይሄን ጥያቄ ስንት ጊዜ ጠብቄዋለሁ! አፍንጫዬን ጠረግኩና ነገርኩት። ከዚያን ዕለት ግን አልጀመርኩም፤ መልስ ካጣሁበት፣ ከተውኩበት ነው የጀመርኩት። ሁሉንም ሰማ። ስድቡን ዘለልኩለት።